«ማኅተም አያስፈልገውም»፦ ከእንጅባራና ከዳንግላ የኪስ ማስታወሻ

1
«ድረ ገጽ» የሚለው ስም ውስጥ ገጽ አለ። ድረ ገጽ ግን ገጽ የለውም። ጣት እስኪደክም ቁልቁል ይወርዳል። ለመሥሪያ ቤቶች ትንንሽ ሲስተም እሠራለሁ። ሥራውን ሳስረክብ ሁሉም አስቀድመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሲታተም ስንት ገጽ ይወጣል?»

2
የድሮ ደብተራ ክታብ ሲጽፍ ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቀጥል ነበር። ጥቅልል ነው፤ ገጽ የሚባል ነገር የለበትም። መጽሐፍ የሚጽፈው ደግሞ ቀለም ከመንከሩ በፊት ብራናውን በወስፌ ወግቶ መስመርና ኅዳጉን ያሰምራል። ሁለቱ የተለያየ ሙያ መሆናቸውን የሚከራከር አልነበረም። ዛሬ ድረ ገጹን ፒዲኤፍ አድርግልኝ የሚለኝ ሰው «ምን አላት፣ አንዲት በተን ጨምርበት» ይላል።

3
ብሮውዘር ከላይ ወደ ታች ይቆጥራል። የፒዲኤፍ ዜሮ ታች ግራ ማዕዘን ላይ ነው፤ ከግርጌ ወደ ላይ ይቆጥራል። ኤ4 ወረቀት ለእሱ 595 በ842 ነጥብ ነው። ስለ አንቀጽ ግድ የለውም። ይህቺ ፊደል እዚህች ነጥብ ላይ ትቀመጥ፣ ያቺኛዋ እዚያ። በቃ።

4
የአዶቤው ጆን ዋርኖክ ሐሳቡን በወረቀት ያሰፈረው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። በየትኛውም ኮምፒውተር ቢከፈት መልኩ የማይለወጥ ሰነድ ነበር የፈለገው። ፒዲኤፍ በ1993 ወጣ። እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት በሩ ላይ እንዲህ ይላል፤ «ፒዲኤፍ ወደ ዎርድ እንቀይራለን»። ከፎቶ ኮፒ ቀጥሎ ገበያ ያለው ሥራው ይኸው ነው።

5
አንድ ደንበኛዬ ደረሰኛቸው ግርጌ ላይ ይህን ዓረፍተ ነገር እንዳስገባ በደብዳቤ ጠየቁኝ፤ «ይህ ሰነድ በሲስተም የተዘጋጀ ስለሆነ ፊርማና ማኅተም አያስፈልገውም።» ደብዳቤው ፊርማና ማኅተም ነበረው። አስገባሁላቸው።

6
ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ መስታወት ውስጥ። የተለጠፈው ማስታወቂያ ግርጌ ላይ በፈረንጅ ፊደል «ሎካልሆስት» ይላል። የሠራው ልጅ የገዛ ላፕቶፑ አድራሻ ነው፤ ብሮውዘር ሲያሳትም ከልካይ ካላገኘ ራሱ ይጨምረዋል። ራስጌው ላይ ቀኑ አለ፤ በአሜሪካኖች አጻጻፍ፣ ወር ከቀን ቀድሞ። ሦስት ኃላፊዎች ፈርመውበታል።

7
ዳንግላ። የትብብር ደብዳቤ። አንደኛው ገጽ ሙሉ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው «ከሰላምታ ጋር» ብቻ ነው። ፊርማውና ማኅተሙ እዚያ ባዶ ወረቀት ላይ አርፏል። ደብዳቤው የተጻፈለት ቢሮ መልሶ ላከው፤ «ማኅተሙ ከምኑ ጋር እንደሆነ አይታወቅም» ብሎ።
ሰላምታው ከመጨረሻው አንቀጽ እንዳይነጠል የሚያደርግ የሲኤስኤስ ትእዛዝ አለ። አንድ መስመር ነው። ነገ መጥቼ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ጸሐፊዋ ነገን አልጠበቀችም። ሰላምታው ብቻውን እንዳይሄድ አንድ አንቀጽ ጨምራ አብራው ወደ ሁለተኛው ገጽ ላከችው፤ «ለሚደረግልን ቀና ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።»
ትእዛዙን ከጻፍኩ ቆየሁ። ሰላምታው አሁን ከአንቀጹ አይነጠልም። ምስጋናው ግን አልወጣም።

8
ሲስተሙ ሰነዱ የተዘጋጀበትን ሰከንድ ሳይቀር ያውቃል። ወረቀቱ ላይ በቀኝ በኩል የሚታተመው ግን ይህ ነው፤ «ቁጥር ............ ቀን ............»። ነጥቦቹ በእስክሪብቶ ይሞላሉ። መጀመሪያ ሁለቱንም ሲስተሙ እንዲሞላ አድርጌ ነበር። የመዝገብ ቤቷ እመቤት አስጠሩኝ። «የኔ ልጅ፣ ቁጥሩን እሱ ከሰጠ እኔ ምን ልሰጥ ነው?» መልሼ ነጥብ አደረግሁት።

9
ፓፔቲር የሚባል የጉግል መሣሪያ አለ። ክሮምን መስኮት ሳይከፍት ከጀርባ ያስነሳና ገጹን ፒዲኤፍ ያስደርገዋል። የወረቀት መጠን ካልነገሩት የአሜሪካን ሌተር ይወስዳል። ሌተር ከኤ4 በቁመት 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ያጥራል፣ በወርድ 6 ያህል ይበልጣል። እንጅባራ ውስጥ ሌተር ወረቀት የሚሸጥ ሱቅ አላየሁም። ለሌተር የተለካ ደብዳቤ ግን በየፋይሉ አለ። ከታች ሁለት ጣት ባዶ የሚተርፈው ለዚህ ነው። የቢሮ ሰዎች «ለመምሪያ የተተወ ቦታ ነው» ይላሉ። እውነትም ኃላፊው መምሪያውን እዚያ ይጽፋል።

10
ለአንዲት ደረሰኝ ሙሉ ክሮም ይጫናል። ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። መረቡ ሲቆራረጥ ማውረዱ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ደረሰኟ ከ50 ኪሎባይት አትበልጥም።

11
ሌላም መሣሪያ አለ። ስሙን በእኛ ፊደል ልጻፈው፤ ደብሊውኬኤችቲኤምኤልቱፒዲኤፍ። ባለቤቶቹ በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የኮዱን ማኅደር ዘግተው ሄደዋል። እንደ ኦዱ ያሉ ትልልቅ የድርጅት ሶፍትዌሮች ከዚያም ወዲህ ደረሰኛቸውን ሲያወጡበት አይቻለሁ። ሽኝት ተደርጎለት ቢሮውን ያልለቀቀ ሠራተኛ ይመስላል።

12
አንድ መምህር ተማሪዎቹን እንዲህ ሲል ሰማሁ፤ «በዚህ ዘመን የድረ ገጽን አቀማመጥ በሠንጠረዥ መሥራት ነውር ነው።» ልክ ነው። ዶምፒዲኤፍ የሚባለው መሣሪያ ግን ዘመኑ ያመጣውን ፍሌክስቦክስ የሚባል የአቀማመጥ ዘዴ አያውቅም። መምህሩ ራሱ በዶምፒዲኤፍ ያዘጋጀውን የምስክር ወረቀት ኮድ ከፍቼ አየሁት። ሦስት ሠንጠረዥ፣ አንዱ ባንዱ ሆድ ውስጥ።

13
ፒዲኤፍ ከ14 መደበኛ ፎንቶች ጋር ነው የተወለደው። አንዱም የግዕዝ ፊደል የለውም። ዶምፒዲኤፍ የእኛን ፎንት ካላቀረቡለት አማርኛውን ሁሉ የጥያቄ ምልክት ያደርገዋል። ያወጣሁት የመጀመሪያ ሙከራ የአንድ ሽማግሌ አባል መታወቂያ ነበር። ስም፦ ????? ?????።
«ምንድን ነው ይሄ?» አሉኝ።
«ስምዎ ነው አባቴ።»
«ታዲያ ምን እየጠየቀኝ ነው?»

14
ሌላው መሣሪያ ፊደሉን ሲያጣ ባዶ ሳጥን ያወጣል። ፈረንጆቹ ሳጥኑን «ቶፉ» ይሉታል፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ምግብ ነው። ጉግል ኖቶ ያለው የፎንት ቤተሰብ ስሙን ያገኘው «ቶፉ አይኑር» ከሚል ነው። እዚህ ቶፉ የበላ ሰው የለም። ለአንድ ባለጉዳይ በሳጥን የተሞላ ፎርም ሰጠነው። ጥግ ላይ ተቀምጦ ሳጥኖቹን አንድ ባንድ ራይት አድርጎ መለሰልን።

15
ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ጘ እና ቤተሰቦቿ አብረው ገብተዋል። አማርኛ ለማይጽፋት ለዚያች የአፍንጫ ድምፅ ናት። የአዊዎች ቋንቋ ያለ እሷ ስሙን እንኳ መጻፍ አይችልም፤ አውጚ። የአዊ ዞን ልጆች ትምህርት ቤት የሚማሩባት ፊደል ናት።
በሁለት ቋንቋ የሚወጣ የምስክር ወረቀት ሠራሁ። ለውበቱ የመረጥኩት ፎንት ጚ አልነበረውም። ብሮውዘሩ ከሌላ ፎንት ተበድሮ አስገባት። ከጎረቤቶቿ ወፍራ፣ ጠቁራ ወጣች። ኃላፊው ወረቀቱን ራቅ አድርገው አዩት።
«የኛዋን ፊደል አድምቀህ ማውጣትህ ደስ ይላል» አሉ።
አመሰገንኩ። እስካሁን አላረምኳትም።

16
«ሲስተሙ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» ብዬ ነው ያስረከብኩት። ሰርቨሩ ጠረጴዛ ሥር ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ሲስተሙ እንዳልኩት ሠራ። ፒዲኤፉ ግን ከላይ እስከ ታች ሳጥን በሳጥን ሆነ። ሰርቨሩ ጠረጴዛ ሥር ቢሆንም ፎንቱን ገጹ በተከፈተ ቁጥር ከውጭ አገር ነበር የሚያስመጣው። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ሀ» የምትባል ፊደል ከባሕር ማዶ እየተመላለሰች እንጅባራ ትታተም እንደነበር አላሰብኩም።
ፎንቱ በፍላሽ ከጓደኛዬ ላፕቶፕ መጣ። ለመሥሪያ ቤቱ የነገርኳቸው «ቫይረስ ነበር» ብዬ ነው።

17
ከፎንት ጣጣ መገላገያ አቋራጭ አለ። ገጹን ፎቶ አንስቶ ፎቶውን ፒዲኤፍ ውስጥ መለጠፍ። አማርኛው አይበላሽም። ፊደልነቱ ግን ቀርቷል። እንዲህ የተሠራ የስም ዝርዝር በቴሌግራም ተለቀቀ። ሰው ስሙን መፈለጊያው ላይ ይጽፋል፤ ውጤቱ 0 ነው። ማታ ካፌው ውስጥ አንድ አባትና ልጅ ስልኩን መሐል አድርገው ከተራ ቁጥር 1 ጀምረው በጣት ይወርዱ ነበር። የዝርዝሩ ርእስ ስር «በዲጂታል አሠራር የተዘጋጀ» ይላል።

18
ፊደል ሆኖ በወጣውም ዝርዝር ቢሆን ነገሩ አያልቅም። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ፣ ኀይሉ። ለመፈለጊያው አራት ሰዎች ናቸው። ሠራተኛዋ «በየትኛው ሀ ነው የተመዘገብከው?» ብላ ትጠይቃለች። ስሙን ያወጡለት አያቱ ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም።

19
ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ፒዲኤፍ ለዓይን አማርኛ ነው። ኮፒ አድርገው ሌላ ቦታ ሲለጥፉት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝባዝንኬ ይሆናል። ያ ትውልድ አማርኛውን በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ ነበር ያስቀመጠው። «ኮፒ ሳደርገው እንግሊዝኛ ይሆንብኛል» አለችኝ የኮምፒውተር ጸሐፊዋ። ፋይሉን በጠቅላላ እንደ አዲስ ትተይበዋለች። በገጽ ስለሚከፈላት ብዙም አትቆጭም።

20
ጳጉሜ ደረሰ። ቀን መሙያው ከ12 በላይ ወር አልቀበልም አለ። ብሮውዘር የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከነ13ኛው ወሩ ያውቃል። የማያውቀው እዚሁ እንጅባራ የተጻፈው ኮድ ነው፤ የእኔው። ገንዘብ ያዧ ዘዴ አበጀች። በጳጉሜ የከፈለውን ሁሉ መስከረም 1 አስገባች። በሰነድ የተመሠከረለት ያን የመሰለ ገበያ የዋለበት እንቁጣጣሽ የለም።

21
«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚባለው ስትራቴጂ የጸደቀው በ2012 ዓ.ም. ነው። ስሙ ላይ ያለው ዓመት የፈረንጅ ነው። ሰነዱ በፒዲኤፍ ይገኛል። አንድ ቢሮ ውስጥ ታትሞ፣ በስፓይራል ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ አየሁት። ማኅተም ተመትቶበታል፤ የቢሮው ንብረት ስለሆነ።

22
የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ ሰነድ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አያጣም ይላል። ከእሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ወጥቷል። ይህን ለአንድ ሠራተኛ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰማኝ።
«አዋጁን በሃርድ ኮፒ ይዘህ ና» አለ።
ይዤ ሄድኩ። ነጋሪት ጋዜጣው ሁለት ዓምድ ነው፤ ግራው አማርኛ፣ ቀኙ እንግሊዝኛ። ያው አዋጅ በግራ የ2012 ነው፣ በቀኝ የ2020። ሠራተኛው ሁለቱን ዓመት በጣቱ ነካ።
«የትኛው ነው ትክክሉ?»
በሕጋችን ልዩነት ሲኖር የሚጸናው የአማርኛው ነው። ይህንንም አስረዳሁ። እሱን የሚለውን ሕግ ደግሞ በሃርድ ኮፒ ጠየቀኝ።

23
የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቷል። ሰው ፋይዳ ለተባለው መታወቂያ ይመዘገባል፣ ቁጥሩን ያገኛል፣ ፒዲኤፉን ያወርዳል። ቀጥሎ የሚሰማው ጥያቄ «የት ይታተማል?» ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያትምለታል፣ በፕላስቲክ ያሽግለታል። ሥራ ሊያመለክት ሲሄድ የታሸገውን ካርድ ስካን አድርጎ በቴሌግራም እንዲልክ ይነገረዋል። ስካን የሚያደርግለት ያው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው።

24
የንግድ ባንክ የገንዘብ ዝውውር መልእክት ሊንክ አለው፤ ሲነካ ደረሰኙ በፒዲኤፍ ይመጣል። የቴሌብር ሊንክ ሲነካ የሚከፈተው ድረ ገጽ ነው። የድንች ነጋዴው አንዱንም አይነካም። «ስክሪንሾቱን ላክልኝ» ይላል። ከፊት ለፊቱ ያለው ሱቅ በር ላይ «ስክሪንሾት አንቀበልም» ተለጥፏል። ባለሱቁ የነጋዴው ወንድም ነው። እንዴት እንደሚከፋፈሉ አላውቅም።

25
«ለማረጋገጫ ኪውአር ኮድ ይኑረው» ተባልኩ። ከታች በቀኝ አስቀመጥኩት። ማኅተም ያዡ ሃያ ዓመት ሙሉ ማኅተም የሚመቱት ከታች በቀኝ ነው። ኪውአር ኮድ በከፍተኛው የማረሚያ ደረጃ ቢሠራ 30 በመቶ ገደማ ጉዳት ችሎ ይነበባል። የእኛ ማኅተም ከዚያ ይበልጣል።
ኮዱን ወደ ግራ አዛወርኩት። ግራ የቲተር ቦታ ሆኖ ተገኘ።
የማረጋገጫ ገጹ ስንት ሰው እንደጎበኘው ይመዘግባል። በስድስት ወር አንድ ሰው ከፍቶታል። እኔ ነኝ።

26
አንድ ደብዳቤ ከዳንግላ እንጅባራ እስኪደርስ ተከታተልኩት። ከሲስተሙ በፒዲኤፍ ወጣ። ታተመ። ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት። በስልክ ስካን ተደርጎ ፒዲኤፍ ሆነ። በቴሌግራም ተላከ። ደርሶ ታተመ። ተመራበት። ለፋይል እንዲሆን እንደገና ስካን ተደረገ። በመጨረሻው ፒዲኤፍ ኅዳግ ላይ የአንድ ሰው አውራ ጣት አለ። መዝገብ ቤት እሱንም ጨምሮ አስገብቶታል።

27
ጥር 23 ሲቃረብ ፕሪንተሩ ሁሉ ለፈረሰኞች በዓል ይውላል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አንድ ወጣት የጥሪ ወረቀቱን ቆንጆ አድርጎ በፒዲኤፍ ሠርቶ ለዘመዶቹ ሁሉ በቴሌግራም ላከ። ታላቅ አጎቱ ደወሉ።
«አንተ ልጅ፣ ይሄ ጥሪ ነው ወይስ ወሬ?»
ታተመ። ፖስታ ውስጥ ገባ። በባጃጅ ደረሰላቸው። ሌሎቹ ያልታተመላቸው ቅር እንዳላቸው በኋላ ሰማሁ።

28
የ5ኛው ማስታወሻ ደረሰኝ። አንድ ነጋዴ «ማኅተም ከሌለው ኦዲተሩ አይቀበለኝም» ብሎ መለሰው። ገንዘብ ያዧ መታችለት። ክፍት ቦታ ስላልነበረ ማኅተሙ ያረፈው «ፊርማና ማኅተም አያስፈልገውም» የሚለው ላይ ነው። ከቀለሙ ሥር የሚነበበው «አያስፈልገውም» ብቻ ቀረ።
በማግስቱ ደንበኛዬ አስጠሩኝ። ዓረፍተ ነገሩ ይውጣ ወይ አልኳቸው። አይሆንም አሉ፤ አሠራራችን ዲጂታል መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው። ከሥሩ ግን ለማኅተም ቦታ ይተው።
አሁን በሥራ ላይ ያለው ደረሰኝ እንዲህ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አለ፤ የፊደሉ መጠን 7 ነጥብ ነው። ከሥሩ የተተወው ክፍት ቦታ በወርድም በቁመትም 5 ሴንቲ ሜትር ነው። በቦታው መሐል፣ በፈዛዛ ግራጫ፣ ሁለት ፊደል ይታተማል፤ «ማ.ቦ.»።